ማኪያቶው የታዘዘው ለሽንት ቤት ነው

መገናኛ ዙሪያ ባሉ ካፌዎች በቀን ከሚሸጠው ማኪያቶ ስንቱ ለጥማት፣ ስንቱ ለሽንት ቤት እንደሚታዘዝ የቆጠረ ሰው የለም። ቢቆጠር ካሸሮቹ ራሳቸው የሚደነግጡ ይመስለኛል። ሴት ከሆንሽ የምለው ገብቶሻል። ወንድ ከሆንክ እህትህን ጠይቃት። ከኮተቤ ተነስታ፣ ለታክሲ ተሰልፋ፣ ላምበረት ጋ መንገዱ ተጨናንቆ ተገትራ ቆይታ መገናኛ ስትደርስ መጀመሪያ የምታስበው ስለ ቀጣዩ ታክሲ ሰልፍ አይደለም። «የቱ ካፌ ይሻላል?» ነው የምትለው። የሚሻለው ካፌ ደግሞ ኬኩ የሚጣፍጠው ሳይሆን በሩ ከውስጥ የሚቆለፈው ነው።

ገብተሽ «ሽንት ቤት አለ?» ትያለሽ። ወይ «ተበላሽቷል» ይሉሻል፣ ወይ «ለተስተናጋጅ ብቻ ነው»፣ ወይ ደግሞ «ቁልፉ ካሸሯ ጋ ነው»። የመጨረሻው ዕድለኛ ስትሆኚ ነው። ቁልፉ እንዳይጠፋ ክንድ የሚያህል እንጨት ታስሮበታል። ያንን ይዘሽ በወንበሮቹ መሀል ስታልፊ ካፌው ሙሉ ወዴት እንደምትሄጂ ያውቃል። ሶፍት በቦርሳሽ ካልያዝሽ ተመልሰሽ ትለምኛለሽ። ውስጥ ስትገቢ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ መቀርቀሪያው ተነቅሏል፣ ወለሉ ርጥብ ነው። በአንድ እጅሽ በሩን፣ በሌላው ልብስሽን ትይዣለሽ። መብራቱን ያበራሽበትን ስልክ በጥርስሽ ትነክሺዋለሽ።

ቲክቶክ ላይ በራስ መተማመንን የሚያስተምሩ አሠልጣኞች ሞልተዋል። ቀና በይ፣ አትፈሪ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሽ አውሪ ይላሉ። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን እስቲ ስልክ በጥርስሽ ነክሰሽ ቀና በይ! ሽንት ቤት በር ላይ ያለው መተማመን ከልብ አይደለም የሚመጣው፤ ከመቀርቀሪያ ነው። ከአምፖል፣ ከውሃ፣ ከዋጋው፣ በሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ከሚያይሽ አስተያየት ነው። እነዚህ ካሉ ዓይናፋሯም ትገባለች። ከሌሉ ደፋሯም ቤቷ እስክትደርስ ትይዘዋለች። ስለዚህ አንዲት ሴት «የሕዝብ ሽንት ቤት መግባት እፈራለሁ» ስትል ምክር አትስጧት። የትኛው እንደሆነና ምን እንደጎደለው ጠይቋት።

ካፌ ገብቶ ማኪያቶ ማዘዝ የሚችል ሰው እኮ የታደለ ነው። ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። መንገድ ዳር የጀበና ቡና የምትሸጠዋን ልጅ አስቧት። ከማለዳ ጀምሮ እስኪመሽ ረከቦቷ ፊት ቁጭ ናት። ዕቃዋን ጥላ የትም መሄድ አትችልም። አንዷን፣ ሁልጊዜ የምጠጣባትን፣ እንዴት እንደምትሆን ጠየቅኳት። «ጠዋት ውሃ አልጠጣም» አለችኝ፣ «ማታ ቤቴ ስገባ እጠጣለሁ።» ቀኑን ሙሉ ለሰው ስትቀዳ ትውላለች፤ ራሷ አንድ ስኒ አትቀምስም። የወር አበባ ሲመጣስ ስላት ሳቅ አለች፤ «ያን ቀን አልወጣም፣ እህቴ።» እሷ አልወጣችም ማለት ደንበኛው ሌላ ጀበና ጋ ተቀመጠ ማለት ነው። አንዳንዱ ተመልሶ አይመጣም።

ጎህ ሳይቀድ መንገድ የሚጠርጉት የጽዳት ሠራተኞችም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከተማዋን የሚያጸዱት እነሱ፣ በከተማዋ ውስጥ የሚጸዳዱበት ቸግሯቸው የሚውሉትም እነሱ። ሽንት መያዝና ሆን ብሎ ውሃ አለመጠጣት ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ ሳይታከም ከቆየ ወደ ኩላሊት ይደርሳል። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፣ ማንኛዋም እናት ትነግራችኋለች።

ወንዱስ? ወንዱ አጥር አለው። ግንቡ ላይ በቀይ ቀለም «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። ጽሑፉ ለወንድ ነው። ለሴት ማንም ክልከላ አልጻፈላትም፤ አስፈላጊ አልነበረማ።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲመረቅ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ወጥተናል፣ ፎቶም ተነስተናል። ካፌ ገብቶ ለሚስተናገድ ሰው ሽንት ቤት ማግኘት ብዙ አያስቸግርም። ተራራው ግን ከፓርኩ በፊትም ነበር፤ ዛሬም ከፓርኩ ውጪ የሚኖርበት ብዙ ሰው አለ። በየካም በጉለሌም በኩል ከባሕር ዛፉ ማገዶ ለቅመው፣ ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፣ ጎንበስ ብለው ቁልቁል የሚወርዱት ሴቶች ናቸው። እነዚህ ሴቶች በጫካው ውስጥ የሚደርስባቸው ድብደባና መደፈር ከሠላሳ ዓመት በፊት ጀምሮ በጥናት የተመዘገበ ነው። ለእነሱ ለሽንት ከመንገዱ ወጣ ማለት ማለት ከጓደኛ ዓይን መራቅ ማለት ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ግንዱ ቀጭን ነው፣ ሰው አይሸሽግም። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፤ አንዷ ትጠብቃለች። እኛ ካፌ ውስጥ «በሩን ያዢልኝ» እንደምንለው መሆኑ ነው። በር በሌለበት ሰው በር ይሆናል።

ማለዳ ተራራውን የሚሮጡት ሴት አትሌቶችም ይህን ያውቁታል። ቡድኑ ሲቆም ወንዶቹ ዞር ይላሉ፣ በቃ። ሴቶቹ ግን መጀመሪያ ማን እንዳለ ዙሪያውን ያያሉ፣ ከዚያ ሌላ ሴት ይፈልጋሉ፣ ከዚያ ይሮጣሉ። ወደ ኪዳነ ምሕረት ፀበል ታመው የመጡ፣ ሳምንታት የሚሰነብቱ እናቶችም አሉ። ፀበሉ በጆግ ነው የሚጠጣው። የቀረውን እናንተ አስቡት።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፣ አዲስም አይደለም። ጸሐፌ ተውኔቱ ጆርጅ በርናርድ ሾው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መባቻ በለንደን የሴንት ፓንክራስ ወረዳ ምክር ቤት አባል ነበር። ካምደን ታውን ውስጥ ለሴቶች የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ሲሟገት፣ ጉዳዩን ማንሳቱ ራሱ ነውር ነው ያሉት ነበሩ። ወንድ በነፃ የሚጠቀመውን ሴቷ አንድ ፔኒ መክፈሏ ድሃዋን እንደሚያስቀራትም ጽፏል። ኒውዮርክ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ሕግ፣ አዲስ የሚሠሩ መዝናኛና መሰብሰቢያ ቦታዎች ለአንድ የወንድ መጸዳጃ ሁለት የሴት እንዲኖራቸው አዘዘች፤ እኩል ስፋት እኩል ሰልፍ እንደማያመጣ ገብቷቸዋል። ሙምባይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 ሴቶች ተሰባስበው፣ ወንዱ በነፃ የሚሸናበት ከተማ እኛን ለምን ያስከፍለናል ብለው ዘመቻ ጀመሩ። እኛም ጋ ወጣቶች ተደራጅተው የሚያስተዳድሯቸው የሕዝብ መጸዳጃዎች ያስከፍላሉ። ገንዘቡ ለጽዳትና ለሚጠብቁት ልጆች ደመወዝ ከሆነ አልከፋበትም። ግን ከአጥሩ ጀርባ የሚሸናው ወንድ አይከፍልም፤ በቀን ሦስት ጊዜ የምትገባው ቡና ሻጭ ግን ከትርፏ ነው የምታወጣው።

ስልካችሁ ላይ የሽንት ቤት ወሬ ሲመጣ ግን የምታዩት ይህን አይደለም። የምታዩት የፈረንጆቹን ክርክር ነው፤ ትራንስጀንደር ሴቶች የሴቶች ሽንት ቤት ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚለውን። ለማያውቅ ሰው፣ ሲወለዱ ወንድ ተብለው የተመዘገቡ፣ ራሳቸውን ግን ሴት ብለው የሚያውቁና እንደ ሴት የሚኖሩ ሰዎች ማለት ነው። የአሜሪካዋ ኖርዝ ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ2016 በመንግሥት ሕንፃዎች ውስጥ ሁሉም ሰው በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ባለው ፆታ እንዲገባ ሕግ አወጣች፤ በዓመቱ ይኸው ክፍል ተሻረ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2025 በእኩልነት ሕጉ ውስጥ «ሴት» የሚለው ቃል በተፈጥሮ ፆታዋ ሴት የሆነችውን ነው የሚመለከተው ሲል ወሰነ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 መንግሥት ለትራንስጀንደር ዜጎች የተለየ የሕዝብ መጸዳጃ እንዲያዘጋጅ አዝዞ ነበር። ቪዲዮዎቹ ስር የኛ ልጆች የሚጽፉትን አነባለሁ። ግማሹ ስድብ ነው፣ ግማሹ «ይኼ ከኛ ጋር ምን አገናኘው?» ነው።

ለሁለተኛው መልስ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ከ27,000 በላይ ትራንስጀንደር ሰዎች በተጠየቁበት ጥናት፣ ባለፈው አንድ ዓመት የሕዝብ ሽንት ቤት ከመግባት የተቆጠቡበት ጊዜ እንደነበር የተናገሩት 59 በመቶ ናቸው። 32 በመቶዎቹ ሽንት ቤት ላለመግባት ብለው ምግብና መጠጥ ቀንሰዋል። 8 በመቶዎቹ በዚሁ ምክንያት የሽንት ቧንቧ ወይም የኩላሊት ሕመም ገጥሟቸዋል። ይህን ሳነብ የመጣልኝ «ጠዋት ውሃ አልጠጣም» ያለችኝ ልጅ ናት። ሁለቱ ሴቶች ቢገናኙ በምንም ላይስማሙ ይችላሉ። ውሃ የማይጠጡት ግን በአንድ ምክንያት ነው፤ በር ላይ ምን እንደሚጠብቃቸው ስለማያውቁ።

እዚህ አገር ጉዳዩ በአደባባይ አይነሳም። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ይቀጣል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰድኩ ነው ማለቱን ታስታውሳላችሁ። በዚያው ሰሞን የሰው ፎቶ እየለጠፉ «ይደብደብ» የሚሉ ቪዲዮዎች በቲክቶክ ሲዘዋወሩ ነበር። ትራንስጀንደር ሰዎች በዚህ ከተማም ይኖራሉ፤ ታክሲ ይሰለፋሉ፣ ሽንት ቤት ይፈልጋሉ። ስለ ማንነታቸው የፈለጋችሁትን ማመን ትችላላችሁ፣ ከማንም ጋር በሃይማኖቱ ልከራከር አልመጣሁም። ሰው ሽንቱን ሸንቶ ሳይደበደብ ቤቱ መግባት እንዳለበት ግን የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። ካለም እስቲ ምክንያቱን ይንገረኝ።

«ወንድ ሴት መስሎ ገብቶ ጉዳት ቢያደርስስ?» የሚሉ ሴቶች አሉ። ፍርሃታቸውን አልንቀውም፤ በዚህ ከተማ ሴት ሆኖ አለመፍራት ከባድ ነው። ግን እስቲ ጥቃቱ የት እንደሚደርስ እናስብ። እኛ ጋ አጥቂው ቀሚስ መልበስ አላስፈለገውም። የሚጠብቀው መብራት የሌለው ኮሪደር ላይ፣ መቀርቀሪያው የተነቀለ በር ጋ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ባለው ጨለማ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው የቀሚስ ምልክት አንዱንም አላስቆመም። መብራትና መቀርቀሪያ ግን ያስቆማል።

ደግሞስ በሩ ላይ ቆሞ «ይቺ ሴት ናት፣ ይቺ አይደለችም» የሚለው ማን ነው? በምን ያውቃል? በመልክ? ለሐዘን ፀጉሯን የተላጨች እናት አለች። ቁመቷ ዘለግ፣ ድምጿ ወፈር ያለ ልጅ አለች። ቱታ የለበሰች ሯጭ አለች። ፀጉሬን አጭር ተቆርጬ፣ ኮፍያ አድርጌ ከእንጦጦ ስወርድ እኔንም ደርሶብኛል። መንገድ ላይ ባገኘሁት አንድ ሕንፃ ገብቼ ወደ ሴቶቹ በር ስሄድ ጥበቃው ክንዴን ያዘኝና «የወንዶቹ በዚያ በኩል ነው፣ ወንድሜ» አለኝ። ድምፄን ሲሰማ ደነገጠ፣ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ሳቅን። 10 ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ያም ሆኖ እዚያ ሕንፃ ለወራት አልተመለስኩም። ድምፄ አዳነኝ። ድምጿ የማያድናትስ? ያ 10 ሰከንድ ለእሷ በሳቅ አያልቅም፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ስልክ ይወጣል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል።

መፍትሔው ያን ያህል ሩቅ አይመስለኝም፤ ከቤታችን ነው ያለው። ያደግነው በቀበሌ ቤት ግቢ ነው፣ ብዙዎቻችን። ግቢው ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ቤተሰብ፣ አንድ ሽንት ቤት። ወንድ ሴት የሚል ጽሑፍ የለውም። አንድ ሰው ይገባል፣ ይቆልፋል፣ ይወጣል። ውጪ ያለው ያስላል ወይም ቆርቆሮውን ኳ ኳ ያደርጋል። ጉድጓዱ ሞላ፣ ማን ያጥባል በሚል ስንጣላ ኖረናል። ማን ይግባ በሚል የተጣላ ግን አላስታውስም። ሴቶች ወንዶች እየተባለ በአንድ በር ገብቶ በውስጡ በስስ ሰሌዳ መከፋፈል የመጣው ከትልልቆቹ ሕንፃዎች ጋር ነው።

የምለው ይኼ ነው፤ ለመንገድ ዳር የሚሠራው መጸዳጃ እንደ ግቢው ይሁን፣ ግን ንጹሕ። እያንዳንዱ ክፍል ሙሉ ግድግዳና ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ በር ይኑረው፤ ከውስጥ ይቆለፍ። የእጅ መታጠቢያውም ሞዴስ መጣያውም እዚያው ውስጥ ይሁን። በሮቹ ወደ ጨለማ ኮሪደር ሳይሆን ሰው ወደሚያልፍበት መንገድ ይከፈቱ። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ገብታ የቆለፈች ሴት ከጎኗ ያለው ክፍል ውስጥ ማን እንዳለ ማወቅ አያስፈልጋትም። የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ ይዛ የምትወጣ እናት የቱ በር ጋ ልሂድ ብላ አትቆምም። ዓይነ ስውር አባቷን የምትመራ ልጅም፣ ደጋፊዋ ወንድ የሆነ አካል ጉዳተኛም፣ ትራንስጀንደር ሴትም እንዲሁ። ማንም ማንንም አይመረምርም። ብዙ ሰው በሚሰለፍባቸው ትልልቅ ቦታዎች የሴቶች ብቻ የሚባለው ይቅር አላልኩም፤ ይኑር፣ እንዲያውም ቁጥሩ ይብዛ። ከጎኑ ግን እንዲህ ያሉ ክፍሎች ይኑሩ።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በየመንገዱ መጸዳጃ ቤቶች ይዞ መጥቷል። ከአራት ኪሎ በቀበና አድርጎ መገናኛ የሚደርሰውን መንገድ በእግሬ ስሄድ ከበፊቱ የተሻለ እንደሆነ ዓይኔ ያያል፣ አልክድም። ያልተነካው ከአስፋልቱ ገባ ሲባል ያለው ነው። ካራ፣ ወሰን፣ አባዶ፣ ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚወስደው ዳገት፣ ማገዶ ተሸካሚዎቹ አርፈው ሸክም የሚያስተካክሉበት ቦታ። ሰዓቱም ነገር ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ሥራ የምትጀምረው ሌሊት ነው፣ የጀበና ቡናዋ ልጅ የምትገባው ከመሸ ነው፤ በሥራ ሰዓት ብቻ የሚከፈት ሽንት ቤት ለሁለቱም አልተሠራም። ቁልፍ ተቀባዩን ማን ያሠለጥነዋል የሚለውም አለ። ዋናው ሥልጠና አጭር ነው፤ አንገትህን ወደ ስልክህ አድርግ፣ የገባችውን ከላይ እስከ ታች አትይ።

መቀርቀሪያ ስንት ነው ብዬ ሾላ ገበያ ጠየቅኩ። የሁለት ሦስት ማኪያቶ ዋጋ ነው።

እኔና ጓደኞቼ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የት ይቆለፋል፣ የት ውሃ አለ፣ የት ስንት ያስከፍላሉ፣ የትኛው ጥበቃ አያፈጥም እያልን መጻጻፍ ከጀመርን ቆይተናል። ወንዶቹ የትኛው ማደያ ነዳጅ አለ እንደሚባባሉት ማለት ነው። የካ ክፍለ ከተማ ከፈለገ ዝርዝሩን እንልክለታለን፣ በነፃ ነው።